ክብደት ከትከሻ ወደ ወገብ

እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ ከተማ በተደረገው የኦሎምፒክ ውድድር የሶቪዬት ኅብረቱ ቫሲሊ አሌክሴዬቭ በጠቅላላው 640 ኪሎ ግራም አንሥቶ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ። ለሰውነት ማጎልመሻ ባለሙያ ግን ከድሉ ይልቅ ዝርዝሩ ትኩረት ይስባል። በፕሬስ 235፣ በስናች 175፣ በክሊን ኤንድ ጀርክ ደግሞ 230 ኪሎ ግራም ነበር ያነሣው። ፕሬስ ማለት ብረቱን ደረት ላይ ካሳረፉ በኋላ ጉልበት ሳያጥፉ በክንድ ኃይል ብቻ ከራስ በላይ መግፋት ሲሆን፣ በጀርክ ግን እግርም ያግዛል። እንግዲህ በክንድ ብቻ ተገፋ የተባለው ብረት እግር ካገዘው በ5 ኪሎ ግራም እንዴት ሊበልጥ ቻለ? የአንድ ቀን ውጤት ብቻውን ብዙ አያስረዳ ይሆናል። ሆኖም ይኸው ሰው በዚያው ዓመት በፕሬስ 236.5 ኪሎ ግራም የዓለም ክብረ ወሰን አስመዝግቦ ነበር።

በ1928 በአምስተርዳም ሦስቱ የአነሣሥ ዓይነቶች የኦሎምፒክ ሥርዓት ሲሆኑ፣ ፕሬስ የትከሻና የክንድ መለኪያ እንዲሆን የታሰበ ነበር። አበበ ቢቂላ ማራቶንን በባዶ እግሩ ባሸነፈበት በ1960ው የሮም ኦሎምፒክ፣ የከባድ ሚዛኑ አሸናፊ ዩሪ ቭላሶቭ በፕሬስ 180፣ በጀርክ 202.5 ኪሎ ግራም አንሥቷል። ይህ የ22.5 ኪሎ ግራም ልዩነት ከተፈጥሮ ጋር የሚስማማ ነው። በ12 ዓመት ውስጥ የተለወጠው የሰው ክንድ ሳይሆን አቋቋሙ ነው።

ብረት የተሸከመ ሰው እንዳይወድቅ የራሱና የብረቱ የጋራ የስበት ማዕከል በእግሮቹ መቆሚያ ላይ ማረፍ አለበት። ደረት ላይ ያለው ብረት ወደ ላይ ሲወጣ አገጭ መንገዱን ይዘጋበታል። ቀጥ ብሎ የሚቆም ስፖርተኛ ራሱን ጥቂት ወደ ኋላ ሰብስቦ ብረቱን በፊቱ አጠገብ ያሳልፍና ወዲያው ከሥሩ ይገባል። ሌላም ዘዴ አለ፤ ይኸውም ዳሌን ወደ ፊት ገፍቶ ደረትን ወደ ጣሪያ ማዞር ነው። በዚህ ጊዜ ግፊቱ አግዳሚ ላይ ተንጋልሎ ብረት እንደሚገፋ ሰው ጠንካራውን የደረት ጡንቻ ያገኛል፤ ዳሌው ወደ ፊት ስለ ወጣ ሚዛኑም አይናጋም። ኃይል ተገኘ፣ ሚዛን ተጠበቀ፤ ዕዳው ግን ወገብ ላይ አረፈ። ወገብ ወደ ኋላ ሲለመጥ የታችኞቹ አከርካሪዎች የኋላ አጥንቶች እርስ በርሳቸው ይጫጫናሉ፤ ይህ በተደጋገመ ቁጥር በመካከላቸው ያለው ቀጭን የአጥንት ድልድይ ሊሰነጠቅ ይችላል። በ1971 ጥናታቸውን ያሳተሙ ጃፓናውያን ሐኪሞች ከመረመሯቸው ክብደት አንሺዎች ወደ ሲሶ በሚጠጉት ላይ ይህንኑ ስንጥቅ አግኝተዋል።

ደንቡ ከመጠን ያለፈ መለመጥን ይከለክል ነበር። ነገር ግን መጠኑ የቱ ላይ እንደሚያልፍ በቁጥር የሚለካ ነገር አልነበረም። ሦስት ዳኞች በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ በዓይናቸው ገምተው ነጭ ወይም ቀይ መብራት ማብራት ነበረባቸው፤ ልምጠቱ ደግሞ ከጎን ለሚያይ እንጂ ከፊት ለሚያይ በደንብ አይገለጽም። ዳኞቹ ቸል ባሉ ቁጥር ደንቡን አክብሮ ቀጥ ብሎ የቆመው ስፖርተኛ ተጎጂ ሆነ። ወገቡን ያዳነ ሜዳሊያውን አጣ ማለት ይቻላል።

ከሙኒክ በኋላ ዓለም አቀፉ የክብደት ማንሳት ፌዴሬሽን ፕሬስን ሰረዘ። ለዚህም ከሐኪሞች ማስጠንቀቂያ ይልቅ የዳኝነቱ መበላሸት ዋነኛ ምክንያት ሆነ። አሌክሴዬቭም በ1976 በሞንትሪያል በሁለቱ ቀሪ ዓይነቶች ብቻ 440 ኪሎ ግራም አንሥቶ ዳግመኛ አሸነፈ። ስረዛው ተገቢ ነበር፤ ቢሆንም ጥፋቱ የአነሣሡ ሳይሆን የአቋቋሙ ስለ ነበረ፣ ቀጥ ብሎ የሚሠራ ፕሬስ ዛሬም ጥሩ የትከሻ ማጠንከሪያ ነው። በየጂምናዚየሙም እስከ ዛሬ ይሠራል። እዚያ ዳኛም መብራትም የለም። ብረቱ ከዐቅሙ በላይ የሆነበት ወጣት ከክንዱ በፊት ሆዱ ወደ ፊት ይወጣል፤ ይህንንም የሚያየው ከጎኑ የቆመ አሠልጣኝ ነው።