የደ ሮይተር መካነ መቃብር

በአምስተርዳም ዳም አደባባይ ዳር በሚገኘው ኒዬወ ኬርክ (አዲሱ ቤተ ክርስቲያን) ውስጥ ያለ የእብነ በረድ መካነ መቃብር ነው። ያረፈበት የኔዘርላንድስ ባሕር ኃይል አዛዥ ሚኪል ደ ሮይተር (1607–1676 እ.ኤ.አ.) በቭሊሲንገን ወደብ ተወልዶ ገና በልጅነቱ ባሕርተኛ ሆነ። በ1667 መርከቦቹ የእንግሊዝን ሜድዌይ ወንዝ ሰብረው ገብተው «ሮያል ቻርልስ» የተባለችውን የጦር መርከብ ማርከው ወሰዱ። በኤፕሪል 1676 በሲሲሊ አጠገብ ከፈረንሳዮች ጋር ሲዋጋ የመድፍ ጥይት እግሩን መታው፤ ከሳምንት በኋላ ሞተ። አስከሬኑ እንዳይፈርስ በመድኃኒት ተጠብቆ ወደ አገሩ ተወሰደና በማርች 1677 ተቀበረ።

ሐውልቱን ሮምባውት ቨርሁልስት ሠርቶ በ1681 ፈጸመው። የቆመው በካቶሊኮች ዘመን ዋናው መንበር በነበረበት ስፍራ ነው፤ የመንበርን ክብር ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ቀላል ምርጫ አይደለም። አድሚራሉ የጦር ልብሱን እንደለበሰ ተንጋሎ፣ ራሱን መድፍ ላይ አንተርሶ፣ የአዛዥነት በትሩን ይዟል። ከኋላው የባሕር ውጊያ በድንጋዩ ላይ ተቀርጿል። በዚያ ሁሉ የጦር ጌጥ መካከል ዓይን የሚይዘው ግን አንገቱን በመድፉ ላይ ያሳረፈው የደከመ ሰው ነው፤ የቨርሁልስት ጥበብ የሚለካውም በዚሁ ነው።

ከ1814 ጀምሮ የኔዘርላንድስ ነገሥታት ሥርዓተ ንግሥ የሚፈጸመው በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው።