መርፌው፥ ቅጠሉና ካሜራው

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ እንደተጓዙ ሐይቅ ከተማ ይደረሳል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት ትምህርትን ያስፋፉበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው በዚህ ነው። ከዚያ አልፎ ያለው አምባሰል ደግሞ ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን ለአንዱ ስሙን ያወረሰ ተራራማ አገር ነው። ዛሬ በዚሁ መንገድ ዳር ጫት በእስር በእስሩ ይሸጣል፤ በየማሳውም ይተከላል።

ከዓመታት በፊት በጻፍኋት አንዲት አጭር ተውኔት ውስጥ አንድ ቃሚ ነበር። ሲመረቅን ቤተ መንግሥት ይሠራል፤ ሐራራው ሲነሣበት ጫማውን ይሸጣል። ተመልካቹ ከልቡ ሳቀ። ከትርኢቱ በኋላ ግን የሐይቅ አካባቢ ገበሬ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ቀርበው፥ «ልጄ፥ ቃሚውንስ አሳየኸን፤ ተካዩን የት ጣልኸው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ያንን ጥያቄ ይዞ ስለ አደንዛዥ ዕፅ የተሠሩትን ፊልሞች ታሪክ ለመመርመር የሚደረግ ሙከራ ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ሄሮይን በአምባሰል ተራራ አይበቅልም፤ ጫትም ሄሮይን አይደለም። ከጫት ቅጠል ውስጥ የሚገኘው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር በዓለም አቀፍ የቁጥጥር መዝገብ ሲገባ፥ ተክሉ ራሱ ግን አልገባም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የንግዱ አካሄድ ነው፤ በአንድ ጫፍ የሚተክል ገበሬ፥ በሌላው ጫፍ ሱስ የያዘው ሰው፥ በመካከላቸው ደግሞ የሚያተርፍ ነጋዴ አለ።

የአሜሪካ ፊልም ሠሪዎች ማኅበር ያወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ለረጅም ዘመን የአደንዛዥ ዕፅ ንግድ በሸራ ላይ እንዳይታይ ከልክሎ ነበር። ይህን ክልከላ የተጋፈጠው አዘጋጁ ኦቶ ፕሬሚንገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ፍራንክ ሲናትራ በሄሮይን ሱሰኛነት የተጫወተበትን «ባለ ወርቅ ክንዱ ሰው» የተሰኘ ፊልም ያለ ማኅበሩ የፈቃድ ማኅተም አወጣው። በሚቀጥለው ዓመት ደንቡ ተሻሻለ። ሱሰኛው የሚያዝንና የሚሠቃይ ሰው ሆኖ መታየቱ ትልቅ እርምጃ ነበር። ይሁንና ታሪኩ በአንድ ሰፈር ተጀምሮ በዚያው ሰፈር ያልቃል፤ ዕፁ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው የዊልያም ፍሪድኪን «የፈረንሳይ ግንኙነት» ይህን ጥያቄ አነሣ። በቱርክ የበቀለው ኦፒየም በማርሴይ ከተማ ወደ ሄሮይን ተለውጦ በመርከብ ኒው ዮርክ ይገባ ነበርና፥ ፊልሙ ይህን መሥመር በፖሊስ ዐይን ተከተለ። አምስት የኦስካር ሽልማቶችን አገኘ። በፍጻሜውም ዋናው ነጋዴ ያመልጣል፤ ይህ ሐቀኛ አጨራረስ ነው። ሆኖም የአናቶሊያ ገበሬ በፊልሙ ውስጥ የለም። ፊልሙ በወጣበት ዓመት የቱርክ መንግሥት በአሜሪካ ግፊት የኦፒየም ተክልን ለማገድ ወሰነ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ እገዳው ተነሣ። የዚያን ገበሬ ኑሮ ግን ፊልሙን ያየው ሕዝብ አላየውም።

ካሜራውን ወደ ማሳው ተሸክሞ የወጣው ዘጋቢ ፊልም ነው። እንግሊዛዊው አድሪያን ካውል ከካሜራ ባለሙያው ክሪስ ሜንጅስ ጋር በበርማ የሻን ግዛት ከአማፅያን ጋር ከርሞ፥ እ.ኤ.አ. በ1974 «የኦፒየም የጦር አበጋዞች» የተባለውን ፊልም አቀረበ። በዚያም ኦፒየም በታጠቁ ሰዎች ታጅቦ በአጋሰስ ሲጓጓዝ ታየ። አማፅያኑ ምርቱ ተገዝቶ እንዲቃጠል ለአሜሪካ መንግሥት ያቀረቡት ሐሳብም ተቀባይነት አላገኘም።

ሁለቱን ጫፎች በአንድ ታሪክ ያሠረው እ.ኤ.አ. በ1989 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው «ትራፊክ» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ ነው። የፓኪስታን ገበሬ፥ የጀርመን ሕገ ወጥ ነጋዴ ሚስትና ሴት ልጁ በሄሮይን የተያዘችበት እንግሊዛዊ ሚኒስትር ጎን ለጎን ይታያሉ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2000 በስቲቨን ሶደርበርግ ወደ ሆሊዉድ ሲዛወር አገሩ ሜክሲኮ ሆነ፤ አዘጋጁም ኦስካር ተሸለመ። ገበሬው ግን በመንገድ ላይ ቀረ፤ ቦታውን ፖሊስ ወሰደው። ሽማግሌው የጠየቁኝ ጥያቄ በሆሊዉድም መልስ አላገኘም ማለት ነው።

የወሎ ሕዝብ የካሜራን ኃይል ከማንም በላይ ያውቃል። በ1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ በፊልም ለዓለም ገለጠ። ያው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ግብዣና ድሎት ጋር ተቀናብሮ ለአዲስ አበባ ተመልካች ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ መሐመድ አሚንና ማይክል በርክ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ቆረም ያቀረቡት ዘገባ የዓለምን ልብ ነካ። ፊልም እህል እንደሚያስልክ፥ ዙፋንም እንደሚያናውጥ ያኔ ታየ። ነገር ግን በእነዚያ ሥዕሎች ላይ የሚታየው ወሎዬ አብዛኛውን ጊዜ ስም አልነበረውም። የሚራብ እንጂ የሚያርስ፥ የሚያዜም፥ የሚከራከር ሰው ሆኖ አልታየም። ስለ ሱስ የምንሠራው ፊልምም ይህን ጉድለት እንዳይደግም መጠንቀቅ አለብን።

ጫት በአገራችን ረጅም ታሪክ አለው። በአሥራ አራተኛው መቶ ዓመት የይፋቱ ሰብረዲን በንጉሡ መናገሻ ጫት ሊተክል መዛቱን የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ይተርካል። በወሎም ጫት ከዱዓውና ከወዳጃው፥ ከመንዙማውም ጋር አብሮ ኖሯል። በዚያ ሥርዐት ጊዜና ቦታ፥ ሽማግሌና ምርቃት ነበረው። በከተማ የሚታየው ግን ከጧት እስከ ማታ መቃም፥ በማታም «ጨብሲ» ብሎ መጠጣት ነው። ሥርዐቱ ሲላላ ልማዱ ብቻ ቀረ።

ገበሬውን ደግሞ በሞራል ስብከት ብቻ መውቀስ አይቻልም። ጤፉና ማሽላው በዓመት አንድ ጊዜ ሲታጨዱ፥ ውሃ ያገኘ የጫት ማሳ ደጋግሞ ይለቀማል። መሬቱ ጠባብ፥ ልጁ ብዙ ነው። ቅጠሉ ትኩስ ካልሆነ ኃይሉ ስለሚቀንስ በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ከቃሚው እጅ መድረስ አለበት፤ ስለዚህ በሌሊት ይጫናል፥ መኪናውም ይከንፋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሆላንድ፥ በ2014 እንግሊዝ ጫትን ሲያግዱ ውሳኔው እስከ እኛ ማሳ ድረስ የሚሰማው በዚህ ሰንሰለት ምክንያት ነው።

ይህን ሰንሰለት በክብር ያሳየ አንድ ሥራ አለን። በሐረር ያደገችው ጄሲካ በሽር ዐሥር ዓመት ደክማ እ.ኤ.አ. በ2021 ያቀረበችው «ፋያ ዳዪ» በጥቁርና ነጭ የተሠራ ፊልም ነው። ለቃሚዎቹ፥ በሌሊት ለሚያስሩት ሠራተኞች፥ የአባቱን ምርቃና ለሚፈራ ልጅና ባሕር ለመሻገር ለሚያልሙ ወጣቶች ሁሉ ቦታ ሰጥታለች። የሱፊዎችን የሕይወት ውሃ አፈ ታሪክም አልዘነጋችም። ማንንም አታሳጣም፤ ማንንም አታባብልም።

ሐይቅና አምባሰል የራሳቸውን ፊልም ይጠብቃሉ። ትምህርቱን ያቋረጠውን ወጣት፥ የሚጠብቀውን እናቱን፥ የደላላውን ሚዛን፥ የማሳውን ቦይ፥ የዱዓውን አባት በአንድ ሸራ ላይ የሚያገናኝ ሥራ ያስፈልጋል። መምህሩ ተማሪው ለምን ከክፍል እንደቀረ፥ የሥራ ኃላፊውም ገበሬው ለምን ጤፉን እንደነቀለ ከዚያ ሊረዳ ይችላል። እኔም ያችን ተውኔት እንደገና ልጽፋት ጀምሬአለሁ። በመጀመሪያው ትዕይንት መጋረጃው ሲገለጥ አንድ ሽማግሌ ማሳውን ውሃ ያጠጣሉ፤ ቃሚው ገና አልመጣም።