ከሮዙ ቀለም ሥር ያለው ነጭ፦ የቻይና ባለ ኢናሜል ፖርሴሊን አሣሣል

ዛሬ የምሟገተው ከአንድ ስም ጋር ነው። (ዘመናቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እጠራለሁ።) ፈረንሳዊው አልበርት ዣክማር በ1862 ከባልደረባው ጋር ባሳተመው የፖርሴሊን ታሪክ የቻይናን ባለ ኢናሜል ዕቃዎች «አረንጓዴ ቤተሰብ»፣ «ሮዝ ቤተሰብ» እያለ በጎላው ቀለማቸው ከፋፈላቸው። ሙዚየሞችም ሰብሳቢዎችም እስከ ዛሬ በዚሁ ይጠሯቸዋል። እኔ ግን አጠራሩ የሠዓሊውን ሥራ ይሰውርብናል ባይ ነኝ።

ኢናሜል ማለት በማዕድን የቀለመ፣ ተፈጭቶ የደቀቀ መስታወት ነው። ነጩ ዕቃ አስቀድሞ በ1300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይተኰሳል። ሠዓሊው በሚያብረቀርቀው ልባስ ላይ ከሣለ በኋላ፣ ቀለሙ ቀልጦ እንዲጣበቅ በ800 ገደማ ዳግመኛ እቶን ይገባል። (ሲኒ የምንለው ቃል ራሱ በዐረብኛ «ቻይናዊ» ከማለት የመጣ ነውና ነገሩ ከቤታችን ያን ያህል የራቀ አይደለም።)

በሚንግ ዘመን፣ ቼንግኋ በነገሠበት ወራት (1465–1487)፣ «ዶውትሳይ» በተባለው ዘዴ የሥዕሉ ጠርዝ ከልባሱ በታች በኮባልት ሰማያዊ ይሰመር ነበር፤ ከመጀመሪያው ትኩሳት በኋላ በመስመሩ ውስጥ ቀለም ይሞላል። በካንግሺ ዘመን (1662–1722) የገነነው አረንጓዴው ዓይነትም መስመሩ ከልባሱ በላይ ወጣ እንጂ ሥራው ያው ነው፤ አስምሮ መሙላት። ቀለሙ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ሠዓሊው ከድምቀት ወደ ፍካት ቀስ አድርጎ ሊያሻግረው አይመቸውም።

ከ1720ዎቹ ወዲህ ይህ ተለወጠ። ሮዙ የሚገኘው ከወርቅ ነው፤ ዓይን የማያየው የወርቅ ብናኝ መስታወቱን ያቀላዋል። ድንቅ ነገር ነው፣ ስሙንም የወሰደው እርሱ ነው። ዋናውን ሥራ የሠራው ግን በእርሳስና በአርሰኒክ የሚዘጋጀው፣ ብርሃን የማያሳልፈው ነጭ ነው። ሠዓሊው የፒዮኒን አበባ ቅጠል በዚህ ነጭ ይሞላል፤ በላዩ ሮዙን ያኖራል፤ ከዚያም በእርጥብ ብሩሽ እየሳበ ያሳሳዋል። ከሥሩ የደመቀው፣ ወደ ጫፉ የገረጣው አበባ የተወለደው እንዲህ ነው። ያው ነጭ ከቢጫ፣ ከአረንጓዴ፣ ከሰማያዊ ጋር ሲዋሐድም ለስላሳ፣ ወተታማ ኅብር ይሰጣል። ስለዚህ የሮዝ ጠብታ የሌለበት ዕቃ እንኳ የዚሁ ዘዴ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ በቀለም ብቻ የሚለይ ሰው ወንድማማቾቹን አይለያቸውም።

ቀለማቱ ከየት መጡ? በቤጂንግ ቤተ መንግሥት የአውሮፓ ሚሲዮናውያን በኢናሜል ሥራ ተካፍለዋል፤ ከውጭ የመጣ ቀለምም ነበር። በ1728 ግን የቤተ መንግሥቱ ወርክሾፕ በራሱ ያዘጋጃቸው ኢናሜሎች በመዝገብ ሰፍረዋል። በዚያው ዓመት ወደ ጂንግደጀን የተላከው ታንግ ዪንግ፣ «ያንግትሳይ» ማለትም «የባሕር ማዶ ቀለማት» የተባሉትን ዕቃዎች ሲገልጽ፣ በኢናሜል ላይ የሚሠራውን የምዕራባውያን አሣሣል የሚከተሉ አድርጎ ጽፏቸዋል። በእኔ ንባብ፣ ታንግ ባዕድ ያለው የሮዙን ዱቄት ሳይሆን ብሩሹ ብርሃንና ጥላን የሚያወጣበትን ስልት ነው።