ጓዝ ሳያበዙ

ልጅ ይዞ ረጅም መንገድ ለሚወጣ ሰው «ጓዝ አታብዛ» የሚል ምክር ዛሬ ዛሬ በዝቷል። እኛም ሰምተነዋል፤ ክፉ ምክር አይደለም። እንደ አዲስ ጥበብ ሲነገረን ግን ትንሽ ፈገግ እንላለን። የዚህ አገር ሰው ከነልጆቹ ተነቅሎ ሲጓዝ የኖረ ነው፤ ያውም ያለ መኪና።

እስቲ አስቡት። እናት ሕፃኑን በአንቀልባ ስላዘለች ጀርባዋ ተይዟል። አህያ ከሌለ የሚቀረው የአባት ትከሻና የትልልቆቹ ልጆች ጉልበት ነው። ከሁሉም የሚያስቸግረው ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያለው ልጅ ነው፤ እንዳይታዘል ከብዷል፣ እንዳይራመድ ጉልበቱ አልጠናም። በዚህ ስሌት እንሥራው፣ ምጣዱና የወፍጮ ድንጋዩ ቤት ይቀራሉ። ውኃ በቅል፣ እህል በስልቻ ይያዛል። ጋቢ ቀን ይለበሳል፣ ሌሊት ልጆች ይጠቀለሉበታል፣ ሲቸግር ዕቃ ይቋጠርበታል። ስንቁም እሳት የማይጠይቅ ነው፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ። በሶ በውኃ ከተበጠበጠ ጥርስ ያላበቀለ ልጅም ይጠጣዋል። (በሶን የፈጠረ ሰው ሐውልት ይገባው ነበር እንላለን።)

ታዲያ የቀለለ ጓዝ ሁሉ በብልሃት የቀለለ አይደለም። ለዚህ ከፋን እንይ። ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ሺሺንዳ የምትባል ከተማ አለች፤ አካባቢው የደን፣ የቡናና የእንሰት አገር ነው። የከፋ ምድር መቶ ዓመት በሚያህል ጊዜ ውስጥ ቤተሰቡን አስከትሎ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ሦስት ጊዜ በብዛት ተቀብሏል።

መጀመሪያ በ1889 ዓ.ም. የራስ ወልደጊዮርጊስ ጦር መጣ። የዚያን ጊዜ ጦር ወታደር ብቻ አልነበረም፤ ሚስት፣ አሽከር፣ ልጅና ስንቅ ተሸካሚ አብሮ ይጓዛል። የተያዘው ስንቅ ሲያልቅ የባላገሩ ጎተራ ይከፈታል። ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት ሲያመልጡ ቆይተው ተያዙ፤ አገሩ ተዘረፈ፤ ብዙ ሰው በባርነት ተጋዘ። የተረፈው ገበሬ እዚያው ለሰፈረው ነፍጠኛ ገባር ሆነ። የዘማቹ ጓዝ ቀላል ነበር፤ ቀሪውን ከፋ ተሸክሞለታል።

ሁለተኛው የ1977ቱ ሰፈራ ነው። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈንም እሱ ነው። ወሎን፣ ትግራይንና ሰሜን ሸዋን ረሀብ ሲያጠቃ ደርግ 1.5 ሚሊዮን ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፍራለሁ ብሎ ተነሣ። እስከ 1978 ዓ.ም. ድረስ 600 ሺህ ያህል ሰው ተጓጓዘ፤ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላና ወደ ያኔው ከፋ ክፍለ ሀገር።

ከመጠለያ ጣቢያ የተነሣ ሰው ምን ጓዝ ይኖረዋል? በሬው ወይ ተሸጧል ወይ ሞቷል። ቤትና በሬ እዚያ ይጠብቅሃል ተብሏል። ወዶ የሄደ ነበር፤ ርሀብ ካስገደደው ወዶ ማለት ከተቻለ። ከገበያ ላይ ታፍሰው የተጫኑ እንደነበሩም የብዙዎች ምስክርነት ተመዝግቧል። ለእነዚህ ጓዝ ማለት ለዕለቱ ገበያ የያዙት ነው። ባል ያለ ሚስቱ፣ ልጅ ያለ እናቱ ደረሰ። አንዳንዱ በሶቪየት አንቶኖቭ ዕቃ ጫኝ አውሮፕላን ተጠቅጥቆ፣ ሌላው በአውቶቡስና በካሚዮን ቀናት ተጉዞ። አሠራሩን በይፋ የተቃወመው የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በ1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረረ።

በከፋ ክፍለ ሀገር ከተካሄደው ሰፈራ ብዙው «ስግሰጋ» የሚባለው ነበር፤ መጤው ለብቻው መንደር ሳይቆረቆርለት በነባሩ ገበሬ ማኅበር መካከል ይሰገሰጋል። ጎጆውን የቀለሰው፣ መሬቱን ያካፈለው ያው ነባሩ ገበሬ ነው፤ ያውም በትእዛዝ። የሰፋሪው ሸክም እንደገና የአገሬው ትከሻ ላይ አረፈ።

ከስልቻ የማይገባ ጓዝም አለ። ጤፍና ማሽላ የለመደ ሰው እንሰት ፊት ቆመ። እንሰት ተፍቆ፣ ጉድጓድ ውስጥ ተብላልቶ ቆጮ እስኪሆን ሳምንታት ይፈጃል፤ ተተክሎ እስኪደርስ ደግሞ ዓመታት። እናት የትኛው ቅጠል ለልጅ ሆድ ቁርጠት እንደሚሆን በአገሯ ታውቅ ነበር፤ እዚህ ቅጠሉ ሌላ ነው። ደጋ ያደገ ልጅ ቆላ ሲገባ ወባ ያገኘዋል። በሬ ቢሰጥም ገንዲ ይጨርሰዋል። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ብዙ ሰፋሪ ወደ ሰሜን ተመለሰ፤ የቀረውም ቀረ። ያኔ በአንቀልባ የመጣ ሕፃን ዛሬ አርባውን አልፏል።

ሦስተኛው ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው ነው። መንግሥት በአራት ክልሎች፣ በሦስት ዓመት ውስጥ 2.2 ሚሊዮን ሰው በየክልሉ ለማስፈር አቀደ፤ በከፋም ዴቻ ወረዳ ሰፋሪ ተቀበለ። ደንቡ ከ1977ቱ የተማረ ይመስላል፦ ሰፈራው በፈቃድ ይሁን፣ አባወራው ቀድሞ ሄዶ ቤተሰቡ ይከተለው፣ የቀድሞ መሬቱም እስከ ሦስት ዓመት ይጠበቅለት ይላል። እኛ የወደድነው ይህን የመጨረሻውን ነው። መመለሻ ያለው ሰው ምጣዱን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ፣ ልጁን አዝሎ፣ ቀለል ብሎ ሊሄድ ይችላል። ወረቀት ላይ የሰፈረው ሁሉ ግን መሬት ላይ አልታየም። ሥራው በጥድፊያ ስለተያዘ በአንዳንድ ጣቢያዎች ሰፋሪው ከውኃውና ከጤና ኬላው ቀድሞ ደረሰ። ወባው ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ ቆላው ውስጥ ነበር።