ቦርጭ የድሎት ምልክት ነውን?

በአገራችን የከሳ ሰው ሲታይ "ምነው፣ አመመህ እንዴ?" ይባላል። የወፈረውን ግን "ተስማምቶሃል" እንለዋለን። ድርቅና ረሃብ ደጋግመው በጎበኙት አገር ይህ አይገርምም። ሕክምናው ግን ከመጠን ያለፈ ውፍረትን የሚያየው እንደ በሽታ ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከስምንት ሰዎች አንዱ ይህ ችግር ነበረበት። ጉዳዩ የሀብታም አገሮች ብቻም አይደለም። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች መካከል ክብደታቸው ከሚገባው በላይ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2000 3 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 ግን 8 በመቶ ደርሰዋል። በዚያው በ2016 22 በመቶዎቹ ከሚገባው በታች የከሱ ነበሩ። ሁለቱ ችግሮች በአንድ አገር አብረው ይኖራሉ ማለት ነው።

ለመሆኑ ወፍራም የሚባለው ማን ነው? ክብደትን በኪሎ ይያዙና ቁመትዎን በሜትር በራሱ አባዝተው ያካፍሉት። ውጤቱ 25 ከሆነ ክብደት በዝቷል፤ 30ና ከዚያ በላይ ከሆነ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70፣ ክብደቱ 87 ኪሎ የሆነ ሰው 30 አልፏል። ስሌቱ ግን ጡንቻን ከስብ አይለይም። ስለዚህ ወገብንም በሜትር መለካት ይበጃል፤ ከ94 ሴንቲ ሜትር በላይ ለወንድ፣ ከ80 በላይ ለሴት የአደጋ ምልክት ነው።

ቦርጭ የሚያሰጋው በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚከማቸው ስብ ዝም ብሎ ስለማይቀመጥ ነው። ኢንሱሊን ሥራውን በአግባቡ እንዳይሠራ ያደርጋል፤ በደም ውስጥ ያለው ስኳርም ይጨምራል። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ የልብ ሕመምና ስትሮክ ከዚህ ጋር የተያያዙ ናቸው። ጉልበትም ሸክሙን አይችልም። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ውፍረትን ከ13 የካንሰር ዓይነቶች ጋር አያይዞታል። ክፋቱ፣ ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው ለዓመታት ምንም ላያመው ይችላል።

"እኔ እኮ ጿሚ ነኝ" የሚል አይጠፋም። ሥጋና ቅቤ ቀርተው ወጡ በዘይት ከተንሳፈፈ ግን ለውጥ የለውም፤ አንድ ግራም ዘይት 9 ካሎሪ አለው፣ ከስኳር ከእጥፍ በላይ።

እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ በሆነ የአሜሪካ ጥናት፣ በስኳር በሽታ አፋፍ ላይ የነበሩ ሰዎች ክብደታቸውን በ7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ተደርጎ ነበር። በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። 87 ኪሎ ለሚመዝነው ሰው 7 በመቶ ማለት ስድስት ኪሎ ገደማ ነው።