ከአፈር የተሠራ ትምህርት ቤት፦ ገበጣ፣ ሲጃና የልጆቻችን ጨዋታዎች

የሶባ ስም በሱዳን ሕዝብ አንደበት ከፍርስራሽ ጋር ተያይዞ ይነሳል። አንድ ነገር ፈጽሞ ሲወድም «የሶባ ጥፋት» ይባላል፤ ከተማዋን አፈረሰች የምትባለው የዐጁባ ስምም እስከ ዛሬ በምሳሌያዊ አነጋገር ይጠቀሳል። ይሁን እንጂ ሶባ የጥፋት ምሳሌ ከመሆኗ በፊት ዐልዋ የተባለው የኑብያ ክርስቲያናዊ መንግሥት መናገሻ ነበረች። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ኑብያ የጻፈው ኢብን ሱለይም አል አስዋኒ ያማሩ ሕንፃዎቿን፣ ወርቅ የበዛባቸውን አብያተ ክርስቲያናቷንና የአትክልት ሥፍራዎቿን በአድናቆት ጠቅሷል። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ካርቱም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስትቆረቆር፣ የሶባ ቀይ ጡቦች ከፍርስራሹ እየተነቀሉ ለአዲሲቱ ከተማ ግንባታ ዋሉ። የተረፈውን ደግሞ የመሬት ቁፋሮ አጥኚዎች አወጡት፤ ፒተር ሺኒ እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1952፣ በቻርልስ ዳንኤልስ የተመራው ቡድንም በ1980ዎቹ ዓመታት በሥፍራው ቆፍረዋል።

ቁፋሮ የሚያወጣልን ግን የሚቀረውን ነገር ብቻ ነው። ጡብ ይቀራል፤ ሸክላ ይቀራል፤ የቤተ ክርስቲያን መሠረት ይቀራል። ልጅ በጣቱ አሸዋ ላይ የጫረው መስመር፣ ጭቃ አድቦልቡሎ የሠራው ከብት፣ ከወንዝ ዳር ለቅሞ ቆጥሮ የጣለው ጠጠር ግን አይቀርም። ከሶባ በስተሰሜን ርቆ፣ በሱዳንና በግብፅ ድንበር አጠገብ በሚገኘው በቁስጡል፣ ዋልተር ኤመሪ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ የኑብያን መሳፍንት መቃብሮች ሲከፍት በዝሆን ጥርስ ያጌጠ የእንጨት ገበታ ከነመጫወቻዎቹና ከነዛሩ አግኝቷል። የመሳፍንቱ ጨዋታ በዝሆን ጥርስና በዞጲ እንጨት ስለተሠራ አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ገደማ ተሻግሮ ደረሰን። የልጆቹ ጨዋታ ደግሞ ከአፈር ስለተሠራ ወደ አፈር ተመለሰ። ስለዚህ የልጆችን ጨዋታ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከዕቃው ይልቅ ሕጉን፣ ቃሉንና አጨዋወቱን መከተል ይኖርበታል። እነዚህ በሰው ትውስታ ውስጥ የሚኖሩ ቅርሶች ናቸውና።

ከእነዚህ ቅርሶች አንዱ በአገራችን በሰፊው የሚታወቀው ገበጣ ነው። በየሓና በመጠራ በዓለት ላይ የተፈለፈሉ የገበጣ ጉድጓዶች ብዙ ጊዜ በአክሱም ዘመን መጨረሻ፣ በ6ኛውና በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ እንደተሠሩ ይነገርላቸዋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የዓለቱ ወይም የሕንፃው ዕድሜ የጉድጓዱን ዕድሜ አያረጋግጥም፤ በጥንታዊ ድንጋይ ላይ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የመጣ እረኛም ጉድጓድ ሊፈለፍልበት ይችላል። አከራካሪ ያልሆነው የጨዋታው መስፋፋት ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ በኢትዮጵያና በአካባቢው አገሮች የሚታወቁ ከመቶ በላይ የገበጣና የመሰል ጨዋታ ዓይነቶችን ዘርዝረዋል። በሌላው የአፍሪካ ክፍል ሁለት ወይም አራት ረድፍ ያለው ገበታ ሲበዛ፣ ባለ ሦስት ረድፉ የአፍሪካ ቀንድ ልዩ መታወቂያ ነው።

የባለ ሦስት ረድፉን አንድ ዓይነት እንመልከት። በየረድፉ ስድስት፣ በጠቅላላው 18 ጉድጓዶች ይቆፈራሉ፤ በእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ጠጠር ይገባል፤ ድምሩ 54 ነው። ተጫዋቹ ከአንዱ ጉድጓድ ያሉትን ጠጠሮች አፍሶ በተከታዮቹ ጉድጓዶች አንድ በአንድ ይዘራል። የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍ አስቀድሞ ያላሰላ ሰው ይሸነፋል። ሕፃኑ ይህን ሲጫወት «የሒሳብ ትምህርት ተጀመረ» የሚለው የለም፤ ነገር ግን መቁጠርን፣ ማካፈልን፣ አስቀድሞ ማሰብንና ተራ መጠበቅን በአንድ ጊዜ ይለማመዳል። ለዚህ ሁሉ የሚፈለገው ወጪ የእጅ ጣትና የተለቀመ ጠጠር ነው።

ዓረቦች የዚህን ጨዋታ ወገን «መንቀላ» ይሉታል፤ ዓለምም በዚሁ ስም ያውቀዋል። ቃሉ «ነቀለ» ከሚለው የዓረብኛ ግሥ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ አንድን ነገር ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወር ነው። በአማርኛችን ነቀለ ስንል ከሥር መመንገልን እናስባለን። በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል የሚሠራ ተርጓሚ ይህን ልዩነት ሳያስተውል አያልፍም፤ አንዱ ቃል በአንድ ወገን መንቀሳቀስን፣ በሌላው ወገን ሥር ማጣትን ያመለክታልና። በስደት የሚያድግ ልጅ ዕጣ በእነዚህ ሁለት ትርጉሞች መካከል ይገኛል።

በናይል ዳር ያሉት የሱዳን ጎረቤቶቻችንም ከአፈር የተሠራ የራሳቸው ትምህርት ቤት አላቸው። ከሁሉ ይበልጥ የሚታወቀው ሲጃ ነው። በአሸዋ ላይ በአምስት ረድፍ አምስት አምስት፣ በድምሩ 25 ጉድጓዶች ይደረጋሉ፤ ሁለቱ ተጫዋቾች 12፣ 12 መጫወቻ ይይዛሉ፤ የመካከሉ ጉድጓድ ባዶ ይቀራል። አንዱ የሌላውን መጫወቻ በግራና በቀኝ ካስገባው ይበላዋል። አንደኛው ወገን ጠጠር ሲይዝ ሌላኛው የቴምር ፍሬ ወይም የደረቀ የግመል ፋንድያ ይይዛል። ኤድዋርድ ሌን ስለ ግብፃውያን ባህል እ.ኤ.አ. በ1836 ባሳተመው መጽሐፉ ይህንኑ ጨዋታ ገልጾታል።

ለሕፃናት የሚስማማው ግን ሌላ ነው። አር. ዴቪስ የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1925 «ሱዳን ኖትስ ኤንድ ሬከርድስ» በተባለው መጽሔት የአካባቢውን ዓረቦች ጨዋታዎች መዝግቧል። ከሱዳን ከተመዘገቡት ጨዋታዎች አንዱ የጅብ ጨዋታ ነው። በአሸዋ ላይ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠማዘዘ ረጅም መስመር ይሠመራል፤ በመስመሩ ላይ የሚቆፈሩት ትናንሽ ጉድጓዶች እያንዳንዳቸው የአንድ ቀን መንገድ ናቸው። የመስመሩ ውጫዊ ጫፍ መንደር፣ እምብርቱ የውኃ ጉድጓድ ነው። የየተጫዋቹ ጠጠር እናቱ ናት። ለሁለት የተሰነጠቁ ሦስት እንጨቶች እንደ ዛር ይጣላሉ፤ በወደቁበት ገጽ ልክ እናት ወደ ውኃው ትጓዛለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ወደ መንደሯ ትመለሳለች። ቀድማ የገባችው እናት ባለቤት ጅብ ይለቅቃል፤ ጅቡም በእጥፍ ፍጥነት ሄዶ መንገድ ላይ የቀሩትን ይበላል። ውኃ ሩቅ በሆነበት አገር የሚኖር ልጅ የእናቱን ድካም፣ የመንገዱን አደጋና የቁጥርን እጥፍ በአንድ ጨዋታ ተማረ ማለት ነው። እንዲሁም በጨረቃ ምሽት የሚወረወረውንና ልጆች ተሯሩጠው የሚፈልጉትን ነጭ አጥንት፣ ሸሊልን፣ የማያስታውስ ሱዳናዊ አዛውንት አይገኝም ማለት ይቻላል።

ወደ ራሳችን ቤት ስንመለስም እንዲሁ ነው። ቅልሞሽ በአምስት ጠጠር ይጫወቱታል። አንዷ ወደ ላይ ስትወረወር መሬት ላይ ያሉት አራቱ በመጀመሪያ አንድ በአንድ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት፣ ከዚያም ሦስትና አንድ፣ በመጨረሻ አራቱም በአንድ ጊዜ ይታፈሳሉ። የአራትን ቁጥር አከፋፈል እጅ ከዓይን ጋር ተባብሮ ያጠናዋል። ሰኞ ማክሰኞ በመሬት ላይ በተሠመሩ ክፍሎች በአንድ እግር እየተዘለለ የሚጫወቱት ሲሆን የሳምንቱን ቀናት ስም ይዟል። እቃ እቃ ደግሞ ጭቃን ወጥ፣ ቅጠልን እንጀራ፣ ቆርቆሮን ድስት አድርጎ የቤትን ሥርዓት ያስተምራል።

እንቆቅልሽ ከሁሉም ይለያል፤ ጠጠር እንኳ አይፈልግም። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልሽ» ይላል፤ መልሱ ሲጠፋው «አገር ስጠኝ» ይባላል። ልጁ ጎንደርን፣ ጅማን ወይም ሐረርን ሲሰጥ የአገሩን ቦታዎች በቃሉ ያጠናል። በሱዳን እ.ኤ.አ. በ1934 በዱወይም አጠገብ የተመሠረተው የበኽት አር ሩዳ የመምህራን ተቋምም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ዘዴ ተጠቅሟል። መሥራቹ ቪ. ኤል. ግሪፊትስና የሥራ ባልደረባቸው ዐብዱራሕማን ዐሊ ጣሃ ያስተዋወቁት የጂኦግራፊ ትምህርት ልጆችን በየአውራጃው ወዳሉ ጓደኞች በሐሳብ እያስጎበኘ አገራቸውን ያሳያቸው ነበር። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ ስሙን በጨዋታ የሚጠሩት አገር ግን በጥቂቱም ቢሆን የታየ ያህል ነው።

በአውሮፓ ጨዋታ ወደ መደበኛ ትምህርት የገባው ዘግይቶ ነው። ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ፍሮቤል እ.ኤ.አ. በ1837 በባድ ብላንከንቡርግ የጀመረውን የሕፃናት ተቋም በ1840 «የልጆች የአትክልት ቦታ» ብሎ ሰየመው፤ የማስተማሪያ «ስጦታዎች» ያላቸውም የክር ኳሶችና የእንጨት ቅርፆች ነበሩ። ማሪያ ሞንቴሶሪም እ.ኤ.አ. በ1907 በሮማ ድሆች ሠፈር የሕፃናት ቤት ስትከፍት ልጅ በእጁ እየነካ እንደሚማር አሳየች። የሁለቱ ብልጫ ነገሩን በሥርዓት አደራጅተው መጻፋቸው ነው። የእኛ እናቶች ያውቁት የነበረው ግን አልተጻፈም፤ ስላልተጻፈም ዘመናዊ መዋዕለ ሕፃናት ሲመጣ ትምህርት ከሱቅ በሚገዛ የፕላስቲክ መጫወቻ ብቻ የሚገኝ መሰለን።

ይህ ግምት ስሕተት መሆኑን የሚያሳይ ምስክር በቅርብ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ተገኝቷል። ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሀውዘር ጋር «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የቴሌቪዥን ዝግጅት ስትጀምር፣ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ፣ የስድስት ዓመቷ ቀጭኔ፣ ከእግር ሹራብ የተሠራች አሻንጉሊት ነበረች። ዝግጅቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ለሕዝብ ቀርቦ በ2008 በጃፓን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ፤ ብሩክታዊትም በ2010 የሮሌክስን ሽልማት ተቀበለች። ልጆቹን የማረከው የሹራቡ ዋጋ አልነበረም፤ በገዛ ቋንቋቸው የሚያናግራቸው ሰው መኖሩ ነበር።

ጉዳዩ በካርቱምና በአካባቢዋ ለኖርነው አማርኛ ተናጋሪዎች ከመዝናኛ ያለፈ ነው። እ.ኤ.አ. አፕሪል 15 ቀን 2023 የተጀመረው ጦርነት ትምህርት ቤቶችን ዘጋ፤ ብዙ ቤተሰብ ወደ መደኒ፣ ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ መተማ ተበተነ። በችኮላ ከቤት የወጣች እናት የልጇን መጽሐፍና መጫወቻ ልትሸከም አልቻለችም። ገበጣ ግን በደረሰችበት ሁሉ ነበረላት፤ መሬቱም ጠጠሩም አልጠፋም። ሊጠፋ የሚችለው የጨዋታው ሕግና ሕጉን የሚሸከመው አማርኛ ነው። ልጆቻችን ከጎረቤት ልጅ ጋር ሲጃን በዓረብኛ መማራቸው ያስደስታል፤ ቅልሞሽን በአማርኛ የሚያስተምራቸው ሲያጡ ግን ቋንቋው የቤት ውስጥ ትእዛዝና ተግሣጽ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በተግሣጽ ብቻ የሚታወቅ ቋንቋ ደግሞ አይወደድም።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ግቢ ያለው በመሬት ላይ፣ ፎቅ ላይ ያለው በካርቶን የእንቁላል መያዣ ገበጣ ማዘጋጀት ይችላል። የቴምር ፍሬ በውኃ ታጥቦ ሲደርቅ ጥሩ ጠጠር ይወጣዋል። ዋናው ነገር ልጁ እያንዳንዱን ፍሬ ሲዘራ በአማርኛ ጮክ ብሎ እንዲቆጥር ማድረግ ነው። የሳምንቱ ቀናት ሰባት ናቸው፤ የፊደላችን ቤቶችም ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ናቸው። ስለዚህ በሰኞ ማክሰኞ ሰባት ክፍሎች ውስጥ ከ«ሀ» እስከ «ሆ» ቢጻፍ፣ ልጁ እየዘለለ አንድ የፊደል ረድፍ ያጠናል፤ በማግስቱ ያው ሥፍራ ተጠርጎ «ለ» ይጻፍበታል። በጅቡ ጨዋታ መንገድ ላይም በየጉድጓዱ የሚነገር አንድ የአማርኛ ቃል መመደብ ይቻላል። ነገር ግን ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ያገኙትን ሁሉ ወደ አፋቸው ስለሚወስዱ ትንንሽ ፍሬና ጠጠር ሊሰጣቸው አይገባም፤ ለእነርሱ የጨርቅ ኳስና የሹራብ አሻንጉሊት ይበቃቸዋል። የቆርቆሮ ስለትም አስቀድሞ መታጠፍ አለበት።

ለታላላቆቻችን ደግሞ አንድ አደራ አለ። የገበጣ ሕግ ከአውራጃ አውራጃ ይለያያል፤ የወሎው ከጎጃሙ፣ የትግራዩ ከሸዋው አንድ አይደለም። እያንዳንዱ አባትና እናት በልጅነት የተጫወተውን የአገሩን አጨዋወት፣ የረድፉን ቁጥር፣ የጠጠሩን ብዛትና በጨዋታው መካከል የሚባለውን ቃል በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ቢጽፍ፣ ፓንክረስት ከጀመሩት መዝገብ ላይ የጎደለው ይሟላል። የሶባ ጡብ ለካርቱም ቤት መሥሪያ የዋለው የሚያነሣው እጅ ስለተገኘ ነው። ይህንንም ቅርስ የሚያነሣ እጅ ከእኛ ይጠበቃል፤ ወረቀቱ ከመጻፉ በፊት ግን ዛሬ ማታ ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ አንድ ዙር መጫወት ይቀድማል።