አራዳ ሰው ሆነ፣ ሰፈሩ ፒያሳ ቀረ

ከአራት ኪሎ የሚነሣ የታክሲ ረዳት «አራዳ! አራዳ!» እያለ ቢጣራ የሚሳፈርለት አያገኝም። አንዳንዱ ራሱን እያሞገሰ ይመስለዋል፤ ሌላው ሰው እየጠራ ነው ብሎ ይዞራል። «ፒያሳ! ፒያሳ!» ካለ ግን ወንበሩ እስኪሞላ ብዙ አይቆምም። የሚገርመው የቦታው የልደት ስም አራዳ መሆኑ ነው። ክፍለ ከተማው ዛሬም በማኅተሙ ላይ አራዳ ይላል፣ ደብሩም አራዳ ጊዮርጊስ ነው። በሰው አፍ ግን አራዳ ቦታ መሆኑን ትቶ ሰው ከሆነ ቆየ፤ ነቄው፣ ብልጡ፣ የማይሸወደው አራዳ ይባላል። ሰፈሩ ደግሞ ጣሊያን ጥሎት በሄደው ስም ይጠራል።

አራዳ ገበያ ነበር። ለዐድዋ ድል መታሰቢያ ሆኖ ከታነጸው ባለስምንት ማዕዘን የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች፣ በተለይ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ አገሩ ሁሉ ይሰበሰብ ነበር። ማሩና ቅቤው፣ አሞሌ ጨውና ጥጡ፣ በቅሎውና ፈረሱ እዚያው ይሸጣል። ዳር ዳሩን የሕንድ፣ የአርመን፣ የግሪክና የዐረብ ነጋዴዎች ሱቅ ከፈቱ። የሕንዱ የሙሐመዳሊ ቤት በዘመኑ ከትልልቆቹ አስመጪዎች አንዱ ነበር። ከሩቅ አገር በቅሎውን እየነዳ የመጣ ባላገር በዚህ ግርግር መሀል ምን እንደሚገጥመው መገመት አይከብድም፤ ሚዛን ያጭበረብረዋል፣ ደላላ ያዋክበዋል፣ ኪሱ ይታለባል። ጸጥታ የሚያስከብሩት ዘበኞችም «የአራዳ ዘበኛ» ይባሉ ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ የኖረ ሰው ዐይኑ ቢገለጥ፣ አፉ ቢፈታ፣ በነገር ሁሉ ቀድሞ ቢገኝ አይደንቅም። «የአራዳ ልጅ» መጀመሪያ የአድራሻ ነገር ነበር። እያደር የጠባይ መግለጫ ሆነ። በመጨረሻም «ልጅ» የሚለው ቃል ተቆርጦ «አራዳ» ብቻውን ቀረ።

ምግብን በገንዘብ ገዝቶ መብላትም ለብዙው የከተማ ሰው መጀመሪያ የታየው በዚሁ አካባቢ ነው። የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል እ.ኤ.አ. በ1907 ሲከፈት እንግዳ ከፍሎ ይበላል የሚለው ነገር ለመኳንንቱ ነውር መስሎ ነበር አሉ። በእንግዳ ተቀባይነት በሚኮራ አገር «ብላ፣ ከዚያ ክፈል» እንዴት ተደርጎ? ዐፄ ምኒልክ መኳንንታቸውን አስከትለው ሄደው በልተው፣ ከፍለው፣ ነውሩን እንዳስለቀቁት ይተረካል። ጨዋታው ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን አምነዋለሁ፤ ምክንያቱም የአዲስ አበባ ምግብ ቤት ታሪክ ሁሉ ከዚያች ሂሳብ የሚጀምር ይመስለኛል። ሆቴሉ በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ክፉኛ ሲጎዳ ደጁ ላይ ቆሞ ያለቀሰው ሰው ሁሉ አልጋ ተከራይቶበት የሚያውቅ አልነበረም። የብዙው ትዝታ በረንዳው ላይ የተጠጣ ሻይ ነው።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ የከተማውን ሰው በዘር ለይቶ ሊያሰፍር ፈለገ። የአራዳን ገበያ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወሰደውና «የአገሬው ገበያ» አለው። ገበያ በጣሊያንኛ መርካቶ ነው። የተለቀቀውን ቦታ ደግሞ ለራሱ ሰዎች ሱቅ፣ ቡና ቤትና መናፈሻ አደረገውና ፒያሳ፣ ማለትም አደባባይ፣ አለው። የከተማችን ሁለቱ ስመ ጥር ሰፈሮች በቁም ሲተረጎሙ «ገበያ» እና «አደባባይ» ብቻ ናቸው ማለት ነው። ካዛንቺስም ከዚሁ ዘመን የመጣ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤቶችን የሚያሠራው የጣሊያን ተቋም በአሕጽሮት ኢንቺስ ይባል ነበር፤ «ካዜ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች፣ በእኛ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። ፖፖላሬም «የሕዝብ ቤቶች» ከማለት የመጣ ነው።

ወራሪው አምስት ዓመት ቆይቶ ወጣ። በ1923 ዓ.ም. ተተክሎ የነበረውንና ጣሊያን ያስነሣውን የምኒልክን ሐውልት አገሩ መልሶ ተከለ። ፒያሳ የሚለውን ስም ግን አልነቀለም። አንዳንድ ሰዎች ይህን እንደ ውርደት ያዩታል፤ ፒያሳ የፋሺስት ስም ስለሆነ ይቀየር የሚል ክርክርም በየጊዜው ይነሣል። እኔ አይዋጥልኝም። ጎንደርና ደሴ ፒያሳ ቢኖራቸው ጣሊያን የቆየባቸው ከተሞች ናቸው እንበል። ሐዋሳ ግን ከተማ ሆና የተቆረቆረችው ጣሊያን ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲሆን፣ እሷም ፒያሳ አላት። ማንም ጣሊያን የሐዋሳን ፒያሳ አልሰየመም። ኢትዮጵያዊው ነው ከተማ ሲሠራ «ሱቁ፣ ኬክ ቤቱ፣ ሲኒማው የሚሰበሰብበት መሀል» ለማለት ፒያሳን ያመጣው። ስሙ ዜግነቱን ከቀየረ ቆይቷል።

ያን ዜግነት የሰጡት ሱቆቹ ናቸው። ባለሥልጣን ስም ሲያወጣ ቀድሞ የሚያስበው የመሪ ስም ነው፤ ቸርችል ጎዳና፣ ደጎል አደባባይ። የፒያሳ ሰው ግን ቀጠሮ ሲይዝ «ማህሙድ ጋ እንገናኝ» ይል ነበር፤ የድምፃዊ ማህሙድ አሕመድ ሙዚቃ ቤት ከነበረበት ጥግ። ሸክላና ካሴት ከገበያ ጠፍተው፣ ማህሙድ ጋ ምን እንደነበር የማያውቅ ልጅ ሁሉ ማህሙድ ጋ ይቀጣጠር ነበር። ከደጎል ይልቅ ማህሙድ ይበልጥ አድራሻ ሆኗል ብል የፈረንሳይ ኤምባሲ የሚቀየመኝ አይመስለኝም።

ከሱቆቹ ሁሉ ከደጅ ማየት የሚያረካው ወርቅ ቤት ነበር። ደርዘን ያህሉ ጎን ለጎን ተደርድረው፣ መስኮታቸው ቀይ ከፋይ ተነጥፎበት፣ በላዩ ሀብልና የጆሮ ጉትቻ ተዘርግቶ ይቆያል። ውስጥ ገብቶ ቢታይ ጌጡን የሚሠራው ሰው ከጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ጎንበስ ብሎ ይቀመጣል። የመጣለትን የድሮ ወርቅ በትንሿ ሚዛን ላይ ያኖራል፤ ሌላው ሳህን ላይ ክብደቶቹን በመቆንጠጫ አንድ በአንድ ይጨምራል። ደንበኛዋ ሴትዮ ዐይኗን ከመርፌው አታነሣም። ዋጋው ላይ እንጂ ሚዛኑ ላይ አይከራከሩም፤ ሚዛኑ ላይ መከራከር የጀመረ ቀን ወርቅ ቤቱ ደንበኛ አጣ ማለት ነው። ለሠርግ ቀለበት የሚመጡ ጥንዶች ስማቸውን በውስጠኛው በኩል አስቀርጸው ይሄዱ ነበር። ስንቱ ትዳር ፈርሶ ቀለበቱ መልሶ ያችው ሚዛን ላይ እንደወጣ ሚዛን ቢናገር ይነግረን ነበር።

ኬክ ቤት ካልን ኤንሪኮ ነበር። ጠዋት ተሰልፎ የገባ ያገኝ ነበር፤ ረፋዱ ላይ የደረሰ ትሪውን ባዶ ሆኖ ያየው ነበር። ካለቀ አለቀ ነው፤ «ትንሽ ይጠብቁ» የሚባል ነገር አልነበረም። ልጅ ሆኖ አባቱ እጁን ይዞ ሚልፎይ ያስበላው ሰው፣ ከአፉ የሚራገፈውን ፍርፋሪ ለማዳን አገጩን ከሳህኑ በላይ አድርጎ እንደሚበላ ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በ1953 የተከፈተው ቶሞካ ቡናውን በቁም የሚያስጠጣ ቤት ነው። ወንበር የለም፣ ከወገብ በላይ የሚደርሱ ጠረጴዛዎች ብቻ። ሽታው ውጪ ድረስ ስለሚመጣ ገንዘብ የሌለውም ሰው በዚያ ሲያልፍ ትንሽ ቀስ ይላል።

ለተማሪ ግን ኤንሪኮም ቶሞካም የአባት ቤት ነበሩ። የተማሪ ምግብ ቤት ሌላ ነበር፤ ፓስቲ ቤት። ዘይቱ ከየት ዘመን እንደመጣ የማይታወቅ ጥቁር መጥበሻ፣ በላዩ የሚነፋ ሊጥ፣ በጋዜጣ ቁራጭ ተጠቅልሎ የሚሰጥ። ዘይቱ በወረቀቱ ላይ ሲሰራጭ የጋዜጣው ፊደል ከበስተጀርባ ይነበባል። ሳንቡሳ በምስር የበላ ከፍ ያለ ተማሪ ነው። ቦምቦሊኖ ደግሞ ለልደት ይቀመጣል። ደስታ ከረሜላ በነጠላ ስለሚሸጥ ሳንቲም የተረፈው ሁሉ ይደርሰዋል።

በፒያሳ ቁልቁለት የሚፈሰው ተማሪ ብዙ ነበር፤ በአገሪቱ የዘመናዊ ትምህርት ፈር ቀዳጅ ከሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ከተከፈተው ከዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ጀምሮ በዙሪያው ያሉት ሁሉ ማታ ሲለቀቁ መንገዱ የደንብ ልብስ ቀለም ይለብሳል። ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግረው ሽቅብ ሲወጡ ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ አምፒር ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ያለውን ክፍለ ጊዜ ፎርፎ የሕንድ ፊልም የሚገባ ልጅ ሁልጊዜ አንድ ችግር ነበረበት፤ ደብተሩን የት ይደብቀው? በሸሚዝ ሥር ከታጠቀው ሲቀመጥ ይቆረጥማል፣ ሱቅ አደራ ካስቀመጠው ባለሱቁ ሰፈሩን ያውቀዋል። ባለሱቅ ሁሉ የሁሉም አባት ነበርና ማታ ቤቱ ሳይደርስ ወሬው ቀድሞት ይደርሳል። ፊልሙ የሦስት ሰዓት ያህል ልቅሶና ዘፈን ስለሆነ ጀግናው እናቱን ሳያገኝ ጥሎ መውጣትም አይቻልም።

የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ሲደርስ ደግሞ ፎቶ ቤት መሄድ ግድ ነበር። ጉርድ ፎቶ። ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ ኮትና አንድ ከረባት ተሰቅለዋል፤ ተማሪው ተራ በተራ ይለብሳቸዋል። ኮቱ ለወፍራሙም ለቀጭኑም ያው አንዱ ነው፤ ለቀጭኑ ከጀርባ በመርፌ ቁልፍ ይያዝለታል። ካሜራው የሚያየው ፊት ለፊቱን ብቻ ነውና ማን ያውቃል! የአንድ ዘመን የፒያሳ ተማሪዎችን የፈተና ፎቶ ሰብስቦ ቢደረድር፣ አንድ ትውልድ ሙሉ በአንድ ከረባት እንደተፈተነ ይታያል።

ዋናው ስም ከውጭ ቢመጣም ከፒያሳ ሥር ያሉት ትንንሾቹ ስሞች የቤት ናቸው። ሠራተኛ ሰፈር የቤተ መንግሥቱ አንጥረኞችና የእጅ ባለሙያዎች የሰፈሩበት ነው። ሰባራ ባቡር ደግሞ አርመኑ ሰርኪስ ቴርዚያን በምኒልክ ዘመን ያስመጣው የእንፋሎት ተሽከርካሪ ተበላሽቶ የቀረበት ሰፈር ነው። አገሬው እንዲያ ተደንቆ ያየው መኪና ሲሞት መቃብሩ ሰፈር ሆነ። የዶሮ ማነቂያን ስም ሰምቶ ታሪኩን የሚጠይቅ የለም። እሪ በከንቱ ደግሞ ገደል ሥር ሆኖ ሌሊት የተዘረፈ ሰው እሪ ቢል የሚደርስለት ስላልነበረ ነው ይላሉ። እዚህ ላይ መንግሥት አልሰየመም፤ የተዘረፈው ሰው ነው የሰየመው።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የፒያሳ ሕንጻዎች ከግሪኩና ከአርመኑ፣ ከሀብታሙና ከመኳንንቱ እጅ ወጥተው የመንግሥትና የቀበሌ ሆኑ። ኪራዩ ለብዙ ዓመት ከፍ አላለም፤ ቤቱም አልታደሰም። ሰዎች የፒያሳን እርጅና ውበት አድርገው ሲያወሩ ይህን ይረሱታል። የእንጨት በረንዳው፣ የተላጠው ኖራ፣ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈው ፎቶ ቤትና ልብስ ሰፊ፣ አንድም ፍቅር አንድም ርካሽ ኪራይ ያቆያቸው ነበሩ። ጓዳቸው የጋራ፣ መጸዳጃቸው የጋራ፣ ጣሪያቸው የሚያፈስ። ትዝታ ጣሪያ አያፈስም፣ እዚያ ይኖር የነበረው ሰው ግን ባልዲውን ደቅኖ ያድር ነበር።

ይኸው ሁኔታ ሰፈሩ ሲፈርስም የማፍረሱን ሥራ አቀለለው። ባለቤቱ መንግሥት ስለሆነ ተከራዩ «ልቀቅ» ሲባል የሚይዘው ካርታ አልነበረውም። የዐድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ የከተማው አስተዳደር «የኮሪደር ልማት» ባለው መልሶ ማልማት የፒያሳ ብዙ ክፍል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፈረሰ። ከነዋሪው ብዙው ወደ ከተማው ዳር፣ ወደ ጋራ መኖሪያዎች ሄደ። አዲሱ ቤት የውኃ ቧንቧና የራሱ መጸዳጃ አለው፤ ይህን ማንኳሰስ ተገቢ አይደለም። ባለፓስቲዋ ግን መጥበሻዋን ይዛ ብትሄድም ተማሪውን ይዛ አልሄደችም። ልብስ ሰፊው የሲንጀር ስፌት መኪናውን ጭኖ ቢሄድም ለሠርግ ልብስ የሚያሰፉት ጥንዶች ወርቅ ቤት ደርሰው ሲመለሱ ጎራ የሚሉበትን ጥግ እዚያ አያገኝም። አንዱ ሱቅ የሌላውን ደንበኛ ይመግብ ነበር፤ ፒያሳ ከተባለው ነገር አብዛኛው ይህ ነበር።

ወደ ከተማው ዳር የሄደ የፒያሳ ልጅ «የየት ሰፈር ልጅ ነህ?» ሲባል ለመመለስ አያቅማማም። «የፒያሳ።» ጠያቂው ትንሽ ካወቀ ይቀጥላል፤ «ፒያሳ የት ጋ?» ያኔ ነው ወሬ የሚመጣው። ሰባራ ባቡር ነው፣ ዶሮ ማነቂያ ነው፣ ማህሙድ ጋ ካለፍክ በኋላ ከወርቅ ቤቶቹ አጠገብ፣ ያ ባለአንድ ከረባቱ ፎቶ ቤት፣ ከሱ በላይ።